የኋላው ኤሲ የወጣ ቀን

ባለፈው ጥር የወንድሜ የግርማ ልጅ ሲያገባ አባትየው ማይክ ጨበጠ። ግርማ ማይክ ከጨበጠ የሚያስለቅቀው የመብራት መጥፋት ብቻ ነው፤ የዚያን ዕለት ደግሞ ጄኔሬተር ተከራይቶ ስለነበር ያ ተስፋም አልነበረንም። እንግዳው ክትፎውን በቆጮ እየጠቀለለ ሲበላ፣ እኔም ከአክስቶቼ መሀል አንገቴን ደፍቼ ስጎርስ፣ ስሜን ጠራው። «ይህቺን እህቴን ታዩአታላችሁ?» አለ በጣቱ እየጠቆመ። «የመጀመሪያዋን የሙዚቃ መኪናዬን በእርግጫ ያፈነዳችብኝ እሷ ናት!» ድንኳኑ በሳቅ ተናጋ። ሙሽራይቱ እንኳ በቬሏ ስር ስትስቅ አየኋት። እኔም ጥርሴን አሳየሁ፤ ሳቅ ግን አልነበረም።

ይህን ወሬ በየሰርጉና በየክርስትናው፣ አንዳንዴም በልቅሶ ቤት ሲያወራው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሲጀምር «እግሯ ነክቶት ይሆናል» ነበር የሚለው። ቆይቶ «ገፋችው» ሆነ። አሁን በእርግጫ አፈነዳሁት። በዚህ አያያዙ የልጅ ልጁ ሲያገባ በቦምብ መታችው ማለቱ አይቀርም። ሰው አንድን ወሬ ደጋግሞ ከሰማ እውነት ይመስለዋል፤ የእህቶቼ ልጆች ሳይቀሩ «አክስቴ፣ እውነት በእርግጫ ነው?» እያሉ ይጠይቁኛል። እንግዲህ የሆነው እንዲህ ነው።

አባቴን የዲላ ሰው ጋሽ ወልዴ ይለዋል። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር መጥቶ፣ መጀመሪያ ተሸክሞ እያዞረ፣ በኋላም ሱቅ ከፍቶ ሳሙናና አንሶላ፣ ባትሪና ላምባ ሲሸጥ ያረጀ ሰው ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት ሥራውን ጨርሶ ከአካባቢው ሲወጣ ንብረቱን በጨረታ ሸጠ፤ አባቴም ነጭ፣ ረጅም፣ ከኋላዋ ሦስተኛ ረድፍ መቀመጫ ያላት ስቴሽን ዋገን ይዞ ግቢያችን ገባ። መኪናዋ ኤሲ ነበራት፤ ያውም ሁለት፣ አንድ ከፊት አንድ ከኋላ። የኋላው በጎን በኩል ከግድግዳው ውስጥ የተቀበረ ትልቅ ሳጥን ነበር፤ ፊቱ ላይ እንደ ዓሣ ስንጥብ የተሰነጣጠቀ መተንፈሻ አለው።

ያን ሳጥን አንድም ቀን ከፍተነው አናውቅም። አባቴ በሕይወቱ የሚፈራቸው ሁለት ነገሮች ነበሩ፣ ግብር ሰብሳቢና ነፋስ። የዲላ ቀትር ላብ ሲያጠምቀን እንኳ መስኮት የከፈተ ሰው «ማጅራቴን ልትመታኝ ነው?» ይባላል። ተሳፋሪውም ያው ነው። አገራችን ውስጥ አውቶቡስ ተሳፍሮ የሄደ ሰው መስኮት የከፈተ መንገደኛ ምን እንደሚደርስበት ያውቃል። መስኮት የማያስከፍት ሕዝብ ከኋላ በኩል ማጅራቱ ላይ ቀዝቃዛ አየር የሚነፋ ማሽን ያስነሳል ብላችሁ አታስቡ። ስለዚህ ሳጥኑ ከነመተንፈሻው ተቀምጦ አቧራ ይጠጣ ነበር። አባቴ «የብርድ ጉድጓድ» የሚል ስም አውጥቶለታል።

እኔ ያኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ፣ ውጤት አልመጣልኝ ብሎ፣ ሱቅ ውስጥ አንሶላ አጥፋለሁ። ግን መንጃ ፈቃድ ነበረኝ። ከዲላ ሴቶች የመጀመሪያዋ ነኝ አልልም፤ በእኛ ሰፈር ግን ከእኔ በፊት አንዲትም አላየሁም። መንዳት የተማርኩት አባቴን ለምኜና አስለምኜ ነው። መኪናዋ ስትመጣ ጎረቤቱ ሁሉ በተሰበሰበበት «ይህቺን የምትይዛት አበራሽ ናት» አለ። የዚያ ቃል ድምፅ ዛሬም ድረስ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ወንድ ልጅ ያለው አባት ቁልፍ ለሴት ልጁ ሲሰጥ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። ቀና ብዬ መሄድ የጀመርኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ከዚያ በኋላ የሱቁን ዕቃ ጭኜ ወደ ጨለለቅቱ ገበያ እወርዳለሁ፣ ስመለስ ሰው እጭናለሁ። ያን መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ። ወናጎን አልፎ ሽቅብ ሲወጣ በግራም በቀኝም እንሰትና ቡና፣ ከላያቸው ትልልቅ ዛፎች፤ መንገድ ዳር አቮካዶና አናናስ ደርድረው የሚቀመጡ ሴቶች። የቡና ለቀማ ሲደርስ ከየማጠቢያ ጣቢያው የሚመጣው የገለፈት ኮምጣጣ ሽታ መኪና ውስጥ ገብቶ ልብስ ላይ ይቀራል። እናቴ ከሽታው ተነስታ «ዛሬ ከጨለለቅቱ አልፈሽ እስከ ባንኮ ጎቲቲ ዘልቀሻል» ትለኝ ነበር። ብዙ ጊዜ ትክክል ነበረች። ከሕይወቴ ውስጥ መልሰሽ ኑሪው የምባለው ጊዜ ቢኖር እነዚያን ጥቂት ወራት እመርጣለሁ።

ታላቅ ወንድሜ ግርማ ከአዲስ አበባ የተመለሰው ልክ ለቀማው ሲያልቅ ነው። እዚያ ምን ሲሠራ እንደኖረ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ጠይቄውም በቀጥታ መልሶልኝ አያውቅም። ይዞ የመጣው ጥቁር መነጽር፣ አንድ አምፕሊፋየርና የቁምሳጥን ቁመት ያላቸው ሁለት ስፒከሮች ነው። በመጣ በሳምንቱ ምሳ ላይ አባታችንን ያዘው።

«አባዬ፣ ያ የኋላ ኤሲ ግን ምን ይሠራል?»

«ብርድ ነዋ የሚሠራው» አለ አባቴ ሳይጎርስ።

«እሱን ነቅለን ቦታው ላይ አምፕሊፋየሩን ብንከት፣ ስፒከሮቹን ከኋላ ብናቆም፣ መኪናዋ የሰርግ መኪና ትሆናለች። ጥር ደርሷል። ከዲላ እስከ ጨለለቅቱ ያለው ሰርግ የእኛ ነው።»

«ይውጣ! ያ የብርድ ጉድጓድ ይውጣልኝ!» አለ አባቴ፤ ከሰርጉ ይልቅ የሳጥኑ መውጣት ደስ እንዳለው ያስታውቅ ነበር።

«መኪናዋ የእኔ አይደለችም እንዴ?» አልኩ።

«የአንቺ ናት፣ ማን ወሰደብሽ? አንቺ ከፊት ትነጂያለሽ፣ እሱ ከኋላ ያዘፍናል» አለ አባቴ። ግርማ በመነጽሩ ስር ፈገግ አለ። ያን ፈገግታ ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የእኔን ድርሻ ሥጋ ሊወስድ ሲል የሚያሳየው ነው።

ኤሲውን የነቀለው የፍሪጅ ጠጋኝ ነው፤ ተካልኝ ይባላል። በሙያው ሐሜት የለበትም፤ የከተማው የቢራ ፍሪጅ ሁሉ በእሱ እጅ ነበር። ቅዳሜ ጠዋት ግቢያችን መጥቶ የጎኑን ልባስ ፈታ፣ ጋዙን ፉጭ አድርጎ ለቀቀውና ሳጥኑ ውስጥ ገባ። ወደ ሳጥኑ የሚሄዱ አራት ቱቦዎች ነበሩ። ሁለቱ ቀጫጭን የብረት ናቸው፤ እነሱን እንደ ፍሪጅ ቱቦ ቆርጦ፣ ጨፍልቆ፣ በይዶ ዘጋቸው። ሁለቱ ግን ወፋፍራም የጎማ ቱቦዎች ናቸው። ሲቆርጣቸው ዝገት የመሰለ ውሃ ተንዠቀዠቀ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የኤሲው ውሃ ነው እህቴ። ፍሪጅ ውሃ ያንጠባጥብ የለ? ኤሲም ያው ነው። ብርድ ያለበት ቤት ውሃ አይጠፋም።»

አውቄ ነበር ብዬ አልዋሽም። ልክ መስሎኝ ነበር፤ ሁላችንም ልክ መስሎን ነበር። ያ ሳጥን ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን ማሞቅም እንደሚችል፣ ለዚያም ከሞተሩ የፈላ ውሃ በእነዚያ ወፍራም ቱቦዎች እስከ ኋላ ሄዶ እንደሚመለስ ማናችንም አናውቅም። አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ አስነስተነው ቢሆን ኖሮ ሙቀቱ ይነግረን ነበር። እኛ ግን ብርድ ፈርተን ነክተነው አናውቅም። ተካልኝ የቱቦዎቹን ጫፍ በተጠረበ እንጨት ወትፎ፣ ከመኪና የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ጠፍሮ አሰራቸው። እናቴ ቆጮ በጎመንና በአይብ አቀረበች፣ አቮካዶ ቆረጠች፣ ተካልኝም ተመርቆ ሄደ። የተነቀለውን ሳጥን ከአጥሩ ስር ወረወሩት፤ በማግስቱ አንዲት ዶሮ ገብታ ተኛችበት።

የመጀመሪያው ሰርግ የአባቴ ወዳጅ ልጅ ሰርግ ነበር። ሙሽራው ከዲላ ተነስቶ ሙሽሪትን ከይርጋጨፌ ሊያመጣ ነው፤ የእኛ መኪና ሙሽራውንና ሚዜዎቹን ጭና እያዘፈነች ትወስዳለች። ጠዋት ራዲያተሩን ሞልቼ፣ መስታወቷን ወልውዬ ስጨርስ ግርማ ሱፉን ለብሶ መጣና መሪው ላይ ተቀመጠ።

«ውረድ እንጂ» አልኩት።

«ዛሬ የምነዳው እኔ ነኝ። ሙሽራ በሴት ሾፌር ሲታጀብ የት አይተሻል? ሰው አታስቂብን።»

ሚዜዎቹ አንገታቸውን ደፉ። አባቴ ከሱቁ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ ወደ እሱ ዞርኩ። «ዛሬን ብቻ ልቀቂለት፣ አበራሽ» አለ። ሰው ሁሉ እየሰማ ነው ያለው፤ ያን ዕለት ጎረቤቱ ፊት የሰጠኝን ቃል ጎረቤቱ ፊት መልሶ ወሰደው። ደሜ ፈላ። «እሺ! ይሄ ጩኸታችሁ ግን ይርጋጨፌ አይደርስም!» ብዬ ጮህኩ። የንዴት ቃል ነበር። ተናዶ የማያውቅ ሰው ካለ ይፍረድብኝ።

አልሄድም ብዬ ነበር፤ እናቴ ናት «ዘመድ ይቀየማል» ብላ የላከችኝ። ቦታ የተገኘልኝ ከኋላ፣ ከስፒከሮቹ ጥግ ነው። «እንዳይወድቁ ደገፍ አድርጊያቸው» አለኝ ግርማ። መኪናዬ ውስጥ የስፒከር ድጋፍ ሆኜ ተጓዝኩ።

ከወናጎ ወዲያ ሽቅቡ ሲጀምር የጎማ ሽታ ሸተተኝ። ግርማ ትከሻውን እየሰበቀ ነው የሚነዳው። የሞተሩን ሙቀት የሚያሳየው መርፌ የት እንደደረሰ ከኋላ ሆኜ አይታየኝም፤ መሪው ላይ ብሆን ኖሮ አየው ነበር። ከዚያ ከጎኔ ጧ የሚል ድምፅ ሰማሁ። ላስቲኩ ተበጥሶ፣ እንጨቱ ተስፈንጥሮ፣ የሞተር ውሃ በፍላቱ ግራ እግሬ ላይ ተደፋ፤ ከጉልበቴ በታች እስከ ጫማዬ። ጮህኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኼ አላውቅም። ግን ስፒከሮቹ ከጆሮዬ ስር ነበሩ፣ ዘፈኑ ጩኸቴን ዋጠው። ሚዜዎቹ ከፊት ያጨበጭባሉ፣ እኔ ከኋላ እቃጠላለሁ። መኪናዋ የቆመችው እንፋሎቱ የፊቱን መስታወት ሸፍኖ ግርማ መንገዱ ሲጠፋው ነው።

ጎትተው አወረዱኝ። ግርማ በኋለኛው በር አንገቱን አስገብቶ ያለውን ቃል ልጻፈው፤ እሱ በማይክ አይናገረውምና። «አምፕሊፋየሩ ረጠበ እንዴ?» ነው ያለው።

የደረሰችልኝ መንገድ ዳር አናናስ የምትሸጥ የጌዴኦ ሴት ነበረች። «አይዞህ ልጄ፣ አይዞህ፣ እግርህን እዚህ አድርግ» አለችኝ፤ አማርኛዋ ወንድና ሴት አይለይም ነበር። የእንሰት ቅጠል ቆርጣ አነጠፈችልኝ፣ ከጀሪካኗ ቀዝቃዛ ውሃ እያንቆረቆረች ሌላ መኪና እስኪገኝ አልተለየችኝም። ስሟን አልጠየቅኳትም። ያን ዕለት እግሬን አይቶ ፊቱን ያጨፈገገ ሰው እሷ ብቻ ነበረች።

የመኪናዋ ሞተር ተቃጠለ። ሙሽራው በተለመነ ሚኒባስ ይርጋጨፌ ሲደርስ ወጡ ቀዝቅዞ፣ የሙሽሪት አባት በቁጣ ዓይናቸው ቀልቶ ነበር። እንግዳቸው ፊት ተዋርደዋል፤ ቅያሜው ከባድ ነበር። «ምን ሆናችሁ ነው?» ሲባል ግርማ ቀድሞ መለሰ። «እህቴ ናት። ጠዋት የዛተችውን ሚዜዎቹ ሁሉ ሰምተዋል። እግሯ ነክቶት ይሆናል።»

እኔ ይህን የሰማሁት ጤና ጣቢያ ተኝቼ ነው። አመሻሽ ላይ አባቴ መጣ። መካኒክ ይዞ መኪናዋን ሊያስጎትት ወናጎ ደርሶ መመለሱ ነበር፤ አቧራውን እንኳ አላራገፈም። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አየሁት» አለኝ። «ላስቲኩ ቀልጦ ነው የተበጠሰው፣ መካኒኩ አሳየኝ። በዚያ ቱቦ ሲሄድ የነበረው የሞተር ውሃ ኖሯል። አንቺ አልነካሽውም።» አለቀስኩ። ከሕመሙ አይደለም፤ ስለታመንኩ ነው። በማግስቱ ሽማግሌዎች እንደሚቀመጡ ነግሮኝ ሄደ፤ እኔም እውነቱን የሚያውቅ አባት አለኝ ብዬ ተኛሁ።

ሽማግሌዎቹ የተቀመጡት እኛ ግቢ፣ ማንጎው ስር ነው። የሙሽሪት አባት ከይርጋጨፌ መጥተዋል። ግርማ ተነስቶ ያንኑ ደገመ። ተራዬ ሲደርስ ብዙ አላወራሁም። «አባዬ ያውቃል፣ አባዬ ይናገር» አልኩ። ሁሉም ወደ እሱ ዞረ። ጋቢውን አስተካከለ፣ መሬት መሬት አየ።

«ልጅ ናት» አለ። «ተናዳ ነው። ይቅር በሏት።»

ጆሮዬን አላመንኩም። እስኪቀጥል ጠበቅሁ፤ አልቀጠለም። ካሳው ይቅር ተባለ፣ ግን ደንቡ ይፈጸም ተባለ፤ ያጠፋ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ተበዳዩ ፊት ይደፋል። ድንጋዩን ሊያመጣ የተነሳው ራሱ አባቴ ነው። ከማድ ቤቱ ጀርባ ከግንብ የተረፈ ድንጋይ ተከምሯል። አንዱን አነሳ፣ መዘነው፣ መልሶ አስቀመጠው። ሌላ አነሳ፣ እሱንም አስቀመጠው። በመጨረሻ ዳቦ የምታህል ትንሽ ድንጋይ መርጦ አመጣና ትከሻዬ ላይ አደረጋት፤ እንዳትወድቅ እጄን ወስዶ አስያዘኝ።

በተጠቀለለ እግሬ እያነከስኩ ግቢውን አቋረጥኩ። የሙሽሪት አባት እግር ስር ተደፍቼ «ስለ እግዚአብሔር ይቅር በሉኝ» አልኩ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» ብለው ድንጋዩን አወረዱልኝ። ሽማግሌዎቹ መረቁ። ግርማ መጥቶ ጉንጬን ሳመኝ፣ ሽቶ ተቀብቶ ነበር። ከዚያ ምሳ ተበላ።

ማታ አባቴ መጥቶ ሊያባብለኝ ሞከረ። «ግርማ ሊያገባ ነው። ስሙ ከጠፋ በዚህ ከተማ ማን ልጁን ይሰጠዋል? አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ ትችዪዋለሽ።» መኪናዋ ተጠግና ስትመለስ ቁልፉ ለግርማ ተሰጠ። ከጥር የቀረውን፣ የካቲትንም ጨምሮ አዘፈነባት፤ ሚስትም አገባባት። እኔ ያቺን መኪና ዳግመኛ ነድቻት አላውቅም።

ሰው ሁሉ የምጠላው ግርማን ይመስለዋል። ግርማማ ግርማ ነው፤ ሲዋሽ ተወልዶ ሲዋሽ ያረጀ፣ ከእሱ ምንም ጠብቄ አላውቅም። የሚያንገበግበኝ ያ የድንጋይ ምርጫ ነው። አባቴ እኔ ነኝ ያጠፋሁት ብሎ ቢያምን ኖሮ ደህና ድንጋይ ያሸክመኝ ነበር፤ ጠንካራ ሰው ነው፣ ለጥፋት አይራራም። ቀላል ድንጋይ የፈለገልኝ ንጹሕ መሆኔን ስላወቀ ነው። እያወቀ አሸከመኝ።

እናቴ ካረፈች ወዲህ አባቴ የሚኖረው እኔ ቤት ነው። ግርማ ባለ ፎቅ ቤት አለው፤ የሚስቱ ደም ብዛት ግን ሽማግሌ አይችልም ተብሏል። ስለዚህ የማጥበው እኔ ነኝ፣ መድኃኒቱን የምሰጠው እኔ ነኝ፣ ቡላውን በማንኪያ የማጎርሰው እኔ ነኝ። እንግዳ ሲመጣ «አበራሽ ጠንካራ ናት» ይላል። ያን ቃል ስሰማ ማንኪያውን መወርወር ያምረኛል።

ከግርማ ልጅ ሰርግ በተመለስን ማግስት ግን አልቻልኩም። ቁርሱን እያበላሁት ጠየቅሁት። «አባዬ፣ ያን ቀን ለሽማግሌዎቹ እውነቱን ለምን አልነገርካቸውም?»

የረሳ መስሎኝ ነበር፤ ስንቱን ነገር ረስቷል። አልረሳም። ማኘኩን አቆመና በእነዚያ በደከሙ ዓይኖቹ አየኝ።

«ቀላሏን መርጬልሽ አልነበር?» አለ።

እንዳመሰግነው መጠበቁን ከፊቱ አነበብኩ። ይህን ሁሉ ዓመት ውለታ የዋለልኝ መስሎት ኖሯል። አፉን ጠረግሁለት፣ የቀረውን ቡላ አጎረስኩት፣ ሳህኑን ይዤ ወጣሁ። ነገም ቁርሱን በሰዓቱ አበላዋለሁ። ይቅር ግን አላልኩትም፣ አልለውምም።